አነሯን አትመልሱልን

ለጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በዞናችን የዱር እንስሳትን ጉዳይ ለያዛችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሰሞኑን ቡና በተፈላበት፣ በርጫ በተያዘበት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር አንድ ወሬ አለ። ያቺ ከከተማችን ወደ እንስሳት መጠለያ የተወሰደችው አነር ድናለች፣ ሥጋ አውጥታለች፣ አምሮባታል አሉ። ስለዚህ ትመለስልን፣ ፓርክ ውስጥ ጥሩ ቤት ይሠራላት፣ እንግዳ ይጎብኛት፣ ከተማውም ገቢ ያግኝ። ፊርማ ማሰባሰብ የጀመሩም አሉ። እኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ስላለኝ ማመልከቻውን እንድጽፍላቸው ሱቄ ድረስ መጥተው ነበር። በትህትና እምቢ አልኳቸው። «ታዲያ አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ይኸው የምለውን ጻፍኩት። አነሯን አትመልሱልን ነው የምለው።

ነገሩን ላልሰማችሁ ከሥሩ ልጀምር።

ወደ ጌራ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ባለ የጫካ ቡና ውስጥ ነው የተገኘችው። ለቀማ ከመድረሱ በፊት ሥሩ ይመነጠር የለ፣ ሰዎቹ ገጀራቸውን ይዘው ሣርና ቁጥቋጦውን ሲያጸዱ ሁለት ግልገሎች ሣር ውስጥ ተኝተው አገኙ። ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው። እናት በአካባቢው የለችም። አንዱ «የነብር ልጅ ነው፣ እናቱ ሳትመጣብን እንግደለው» አለ። ሌላው አሳዘኑትና በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይዟቸው ሄደ። «ጥላቸው የሄደች እናት» ብለው ነበር የሚያወሩት።

እናትየዋ ግን ጥላቸው አልሄደችም። አነር ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፣ ወንዱ አያግዛትም። ስለዚህ ሣር ውስጥ ደብቃቸው አደን ትወጣለች፣ ተመልሳ ታጠባለች፣ ቦታው ካላማራት ደግሞ አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራቸዋለች። ሰዎቹ ያቺን ቁራጭ ሣር ሳይመነጥሩ ትተዋት ወደ ሌላው ጫፍ ቢሄዱ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህን የምለው እነሱን ለመውቀስ አይደለም። አዝነው ነው ያነሷቸው። ማንም አልነገራቸውም። መንገር ያለበት ሰው ግን ደመወዝ ይከፈለዋል፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

አንደኛው የላም ወተት ሲሰጡት ተቅማጥ ያዘውና ሞተ። ሁለተኛዋ ተረፈች። ዘንቢል ውስጥ ተደርጋ፣ ጨርቅ ተጥሎባት፣ በአይሱዙ ጅማ ገባች። ተሸጠች። የገዛት ሰው ማረፊያ ቤት አለው። ስሙን አልጠራም፣ በመጨረሻ ሳያስቸግር ስለለቀቃት አከብረዋለሁም። ጓሮው ውስጥ አቮካዶ ዛፍ ሥር ከፍርግርግ ሽቦ የተሠራ የዶሮ ቤት ነበር። እዚያ ከተታት። ዶሮዎቹ ወጡ፣ እሷ ገባች።

እኔም ያየኋት እዚያው ነው። አነር አይታችሁ ለማታውቁ፣ መልኳ ነብር ይመስላል፤ ወርቃማ ቆዳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ። ቁመናዋ ግን ሌላ ነው። ቀጭን ናት፣ ትልቅ የምትባለው ብትመዘን ከ18 ኪሎ ብዙም አታልፍም። ከሰውነቷ ጋር ሲመዛዘን ከድመት ወገን ሁሉ እንደ እሷ እግረ ረጅም የለም። ራሷ ትንሽ፣ ጆሮዋ ትልቅ። ጆሮዋ ከኋላ ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ነብር እንዲህ ያለ ረጅም እግርና ትልቅ ጆሮ የለውም። ገጠር ውስጥ ግን ነጠብጣብ ያለው ሁሉ ነብር ነው፤ ነብር ከተባለ ደግሞ ዱላና ገጀራ ነው የሚጠብቀው።

ሳያት ዓይኔ ያረፈው እግሮቿ ላይ ነው። የፊቶቹ ቀስት ሠርተው ነበር። ስትቆም ትንቀጠቀጣለች። ባለቤቱ ግን በአመጋገቧ ይኮራ ነበር። «ወላሂ፣ እኔ ራሴ የማልበላውን ነው የማበላት» ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ነው፣ በየቀኑ ከሥጋ ቤት ንጹሕ ቀይ ሥጋ ይመጣላታል። ችግሩም ይኸው ነበር። አነር ዱር ውስጥ አይጧን የምትበላው ከነአጥንቷ ከነጠጉሯ ነው። ቀይ ሥጋ ለብቻው ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፣ ፎስፈረስ ግን ሞልቶታል። በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ካልሲየሙን ከምግብ ሲያጣ ከገዛ አጥንቱ ይመዛል። አጥንቱ ይሳሳል፣ ይጎብጣል፣ ብሶበት ከሆነ ዘልላ ስትወርድ ሊሰበር ይችላል። በፍቅር በተሰጠ ሥጋ ሽባ መሆን ማለት ነው። በነገራችን ላይ ከሰው እጅ በሚያድጉ የአንበሳና የአቦ ሸማኔ ግልገሎችም ላይ የሚታየው ይኸው ነው፣ የእኛ ሰውዬ ብቻ ጥፋት አይደለም።

ማታ ማታ ሙዚቃ አለ። እንግዳ ቢራውን ይዞ መጥቶ በስልኩ መብራት ፊቷ ላይ እያበራ ቪዲዮ ይቀርጻታል፣ ስትነፋ ይስቃሉ፣ ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል፣ «እንዴት ታምራለች» የሚል ይጎርፋል። አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ሙዚቃው ቆመ። ያኔ ጆሮዎቿ ተነሱ። አንዱ ወደ ጣሪያው ዞረ፣ ሌላው ወደ ማገዶ ክምሩ። እኔ ምንም አልሰማሁም። በኋላ ነው ማገዶው ሥር አይጥ ሲንኮሻኮሽ የሰማሁት። አነር የምታድነው በጆሮዋ ነው፤ ሣር ውስጥ፣ አንዳንዴም አፈር ሥር የሚንቀሳቀስን አይጥ ድምፁን ብቻ ተከትላ ትዘልልና በፊት እግሮቿ ትደፋበታለች። ከሁለት ዝላይ አንዱ ይሳካላታል፣ ይህ ለአዳኝ አውሬ ትልቅ ውጤት ነው። ከመሬት ተነስታ ወፍ በአየር ላይ ትቀልባለች። እንግዲህ እንደዚህ የሚሰማ ጆሮ ያላትን ፍጥረት የድምፅ ማጉያ ሥር ነው ያስቀመጥናት።

አሁን ወደ ቢሮ ልምጣ።

ስለዚህች እንስሳ መጀመሪያ የደወልኩለት መሥሪያ ቤት «የእኛ ሥራ ደን ነው» አለኝ። ሁለተኛው «የእንስሳት በሽታ ከሆነ እኛ ነን፣ የዱር ከሆነ ግን እነሱ ናቸው» ብሎ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ሦስተኛው ጋር ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባ ሲመለሱ ሥልጠና ላይ ናቸው። «ደብዳቤ አስገባ» ተባልኩ፣ አስገባሁ፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ተኛ። እኔ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ወጣት ባለሙያ ባይኖር ኖሮ እስከዛሬም ተኝቶ ነበር። ልጁ ራሱ በሞተር ሄዶ አያት፣ ፎቶ አነሳ፣ አለቆቹን ነዘነዘ፣ መጓጓዣ ሲጠፋም በግሉ ሰው ለመነ። ከፕላይውድ የተሠራ፣ ጎንና ጎኑ ቀዳዳ ያለው ሳጥን አሠርቶ፣ የእንስሳት ሐኪም ጨምሮ፣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ይዟት ሄደ። እግዜር ይስጠው፣ አላህ ይስጠው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን የእሷ አጥንት ጎብጧል፣ ጥርሷን ጨርሳ አውጥታለች፣ ከእናቷ ትማር የነበረበት ጊዜ አልፏል። አነር ከእናቷ ጋር አንድ ዓመት ገደማ ትቆያለች፣ አደኑንም የምትማረው በዚያ ጊዜ ነው።

ይህን ያነሳሁት ቂም ይዤ አይደለም። ቀኑ በገፋ ቁጥር ከሚድን እንስሳ ወደ ዕድሜ ልክ ጥገኛ ትቀየራለች፣ ለዚህ ነው ያነሳሁት። በሳምንቱ ውስጥ የተረከባት ሰው ቢኖር ኖሮ ሰው ሳያለምዳት አሳድጎ ወደ ጫካ የመመለስ ዕድል ነበር። አሁን ግን የለም። ሰው ስታይ ምግብ ነው የሚመስላት። ብትለቀቅ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ሰው ግቢ ነው፣ መጀመሪያ የምትገባውም የዶሮ ቤት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሁን ያለችበትን መጠለያ ባለፈው ጊዜ ወረቀትና የማሽን ቀለም ልገዛ አዲስ አበባ ስሄድ ጎራ ብዬ አየሁት። ቦታውን እንጂ እሷን አላየሁም ብል ይሻላል። ግቢዋ በረጅም ሣር የተሞላ ነው፣ አጥሩ ከፍ ያለ፣ ላዩም በመረብ የተሸፈነ። ተንከባካቢው «እዚያ ጋ ናት» ብሎ በጣቱ ጠቆመኝ። ብዙ ቆሜ ካየሁ በኋላ የሁለት ጆሮ ጫፍ ከሣሩ በላይ አየሁ። በቃ። ከዚያ ዝቅ አለ። እኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ። ሰውዬው ግን ደስ ብሎታል። «ስትመጣ እኮ መደበቅ አታውቅም ነበር» አለኝ። የምትበላው ዶሮ ከነአጥንቱ ነው፣ ማዕድን ተነስንሶበት፣ ያውም በየጊዜው ቦታውን እየቀያየሩ ይደብቁላታል፣ ፈልጋ እንድታገኘው። እግሯ ሙሉ በሙሉ አይቃናም። ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ግን ዝላይዋ የሌላ አነር ዝላይ አይደለም።

አገራችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። በደንብ የሚታወቀው ሆለታ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው እንሰሳ ኮቴ ነው፤ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው፣ 77 ሄክታር የሚሆን ግቢ። እዚያ ያሉት አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ታሪካቸው ከእኛይቱ አነር ታሪክ ብዙም አይለይም። ዶሎ የሚባል አንበሳ ነበር፣ በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ አካባቢ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የተገኘ። አንበሳ፣ በሰንሰለት። ሰዎች የእንስሳት መጠለያ ሲባል የመዝናኛ ቦታ ይመስላቸዋል። መጠለያ ግን እኛ ያበላሸነው የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፤ ቢጠፋ ደስ የሚለው፣ ባይኖር ግን የምንጨነቅበት።

እሺ፣ ለምን ጅማ አትመለስም? የሚነሱትን ሐሳቦች ሰምቻለሁ፣ አንዳንዶቹ የዋዛ አይደሉም።

«አዲስ አበባ አንድነት ፓርክ ውስጥ አውሬ ይታያል፣ እኛስ ከማን እናንሳለን?» ይላሉ። ከማንም አናንስም። ግን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት የሆነው ያ ፓርክ ያለው ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የቤተ መንግሥት ግቢ የሚያገኘውን በጀትና ትኩረት ይዛችሁ ኑና ከዚያ እንነጋገር። እኛ ከተማ ውስጥ ሰኔ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ነዳጅ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ቶነር የለም (ይህንን እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ በብድር የወሰዱብኝ አሉ)፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ጠብቁ ይባላል። አነሯ ሰኔን ከሐምሌ አትለይም። በየቀኑ መብላት ትፈልጋለች። በሰው እጅ በደንብ ከተያዘች ደግሞ እስከ 20 ዓመት ትኖራለች። 20 ዓመት ማለት ስንት ከንቲባ፣ ስንት የበጀት ዓመት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ይህ ሟርት አይደለም፣ ታይቷል። የስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ፣ አገር የሚያውቀው ቦታ ነው። አንበሶቹም ተራ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በዘራቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ናቸው ብሏል። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ቦታና ገንዘብ አጥቶ ደቦሎችን በመርዝ እንደሚገድል፣ በድናቸውንም ቆዳ አድርቀው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ እንደሚሸጥ የዓለም መገናኛ ብዙኃን ሁሉ ዘግበውት ነበር። ክፋት አልነበረም፣ ድህነት ነው። ዋና ከተማ፣ የንጉሥ አንበሳ፣ የአገር ምልክት ሆኖ እንዲህ ከሆነ፣ አውሬ ይዞ የማያውቅ የከተማ ፓርክ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ነው።

«ቱሪስት ይመጣል» ይላሉ። ጅማ ለቱሪስት አነር በሳጥን የምትፈልግ ከተማ አይደለችም። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ሙዚየም አለ። ቦዬ ረግረግ አለ፣ ጉማሬና ወፍ ያለበት፣ እሱንም ቆሻሻ እንዳንጥልበት ብንጠብቀው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጉሬዛ በከተማው ዛፍ ላይ ሲዘል በነጻ ይታያል። ከጅማ ወጣ ሲባል በለጠ-ጌራ የሚባል ደን አለ፣ ቡና በራሱ ጊዜ በቅሎ የሚገኝበት፣ አነሮቹም ያሉበት። የሚመጣ ሰው እዚያ ሄዶ ባያያትም እንኳ ያለችበትን ጫካ ማየቱ ይሻለዋል። በሠርግ ሰሞን ደግሞ ፓርክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አትንገሩኝ፤ ድምፅ ማጉያ፣ ጥሩምባ፣ ድሮን።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፓርኩ አነር ከያዘ አካባቢው ሁሉ አነር ያመጣል። ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። «ከተማው ውስጥ አነር ይቀበላሉ» የሚለው ጌራና ሸቤ ለመድረስ ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ በምንጣሮ ሰሞን ሣር ውስጥ የተገኘ ግልገል በሙሉ በዘንቢል ይገባል፤ አንዱ ይሸጣል፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ይሞታሉ፣ የሚሸጠውም ለማን እንደሚሸጥ አይታወቅም። እናቱ አልለቅም ያለችውም ትገደላለች። ይህ በአቦ ሸማኔ ላይ በምሥራቅ በኩል ዓይናችን እያየ የሆነ ነው። ግልገሎቹ ከሶማሌ አካባቢ ተሰብስበው በሶማሊላንድ አድርገው በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ባህረ ሰላጤ አገሮች ይሻገራሉ፤ ሀብታም መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ፎቶ እንዲነሳበት። በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦ ሸማኔ ደግሞ 7,000 ገደማ ብቻ ነው። ሶማሊላንድ ውስጥ የተያዙትን ግልገሎች የሚያሳድግ ማዕከል መክፈት ግድ ሆኗል፣ ቁጥራቸው ስለበዛ። ያ ንግድም የተጀመረው «አንድ ብቻ፣ ለማሳየት» ተብሎ ነው ብዬ አስባለሁ።

አንድ ሽማግሌ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ሲያዳምጡኝ ቆይተው «አንተ ልጅ፣ እኛ ጥርኝ ስናሳድግ የት ነበርክ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ሊመለስላቸው ይገባል። ጅማና ሊሙ ለስንት ዘመን በዝባድ የታወቁ ናቸው። ጥርኙ በጠባብ ጎጆ ይቀመጣል፣ እሳት ይነድለታል፣ ሥጋና ቅቤ ይበላል፣ ዝባዱ በየጊዜው ተፍቆ በቀንድ ውስጥ ታሽጎ እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ፋብሪካ ድረስ ይሄድ ነበር። የስንት ቤተሰብ ኑሮ ነበር፣ አልንቀውም። ግን አባባ፣ ራስዎ እንደሚያውቁት ጥርኙ ጎጆ ውስጥ አልተዋለደም። አንዱ በሞተ ቁጥር ሌላው ከጫካ ነው የሚያዘው። ያኔ ጫካው ሰፊ ነበር። አሁን ግን ጫካው ራሱ በቡናና በእርሻ መሃል ተቆራርጦ ቀርቷል። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይስማሙ አይስማሙ አልገባኝም፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ገበሬዎቹንም በጎን ልናገር። አነር ዶሮ ትበላለች። አትበላም ብሎ የሚዋሽ የተፈጥሮ ተቆርቋሪ ካለ አትስሙት። ግን ከምትበላው ብዙው አይጥ ነው፤ ጎተራችሁንና በቆሏችሁን የሚጨርሰው አይጥ። ዶሮን ማታ በደንብ በተዘጋ ቤት ማሳደር ይቻላል፣ አይጥን ግን ማን ያስራል? ደግሞ ልጆቻችሁን ግልገል ነው ብላችሁ አታስነኳቸው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው የውሻ ብቻ አይደለም፣ ማንኛውም የሚነክስ አውሬ ሊያስተላልፈው ይችላል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ሕጉን በተመለከተ፣ ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፣ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት አባል ናት፣ አነርም በዝርዝሩ ውስጥ ናት። ግን እውነት ለመናገር የጫካ ቡና የሚመነጥር የቀን ሠራተኛ አዋጅ አያነብም። እሱን በእስራት ማስፈራራት ግልገሉን እንዲደብቀው ወይም ገድሎ እንዲቀብረው ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ እንንገረው። ገዢውን ነው ሕግ ማስፈራራት ያለበት፣ ገዢ ከሌለ ዘንቢሉ ከተማ አይገባም።

እንግዲህ ኃላፊዎች፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አንድ ስልክ ቁጥር ስጡን። አንድ። ቅዳሜና እሑድም የሚነሳ። የሚያነሳው ሰው «የእኛ አይደለም» የማይል፣ የማን እንደሆነ እሱ ራሱ ተከታትሎ የሚያውቅ። አንድ ትክክለኛ የማጓጓዣ ሳጥን ይኑራችሁ፣ ለሞት የሚያጣድፍ ነገር ሲመጣ አናጢ እንዳትፈልጉ። እዚህ ከተማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለን፣ ከነመምህራኑ ከነተማሪዎቹ፤ ከእነሱ ጋር ተስማምታችሁ ከሰው ዓይን የራቀች፣ ጸጥ ያለች አንዲት ክፍል ለጊዜያዊ ማቆያ ብትሆን ግልገሉ መጠለያ እስኪሄድ ወይም ወደተገኘበት እስኪመለስ ያድራል። ተማሪውም ይማርበታል። ይህ ለፓርክ ከምትገነቡት ቤት ጋር ሲነጻጸር ገንዘብም አይባልም።

ዋናው ግን ምንጣሮው ከመጀመሩ በፊት መናገር ነው። በሬዲዮ፣ በየቀበሌው፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቡና በሚያስለቅሙት ባለ መሬቶች በኩል፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። የሚነገረውም ረጅም አይደለም። ግልገል ካገኛችሁ አትንኩት፣ አታንሱት፣ ወተት አትስጡት። ያንን ቦታ ሳትመነጥሩ እለፉ፣ ውሻ አስሩ፣ ሰው አይክበበው። ማታውን እናቱ ታነሳዋለች። እናቱ ሞታ ካያችኋት ወይም ግልገሉ ከቆሰለ ደግሞ በዚህ ስልክ ደውሉ። አለቀ።

ለከተማችን ሰው ደግሞ አንዲት ነገር። የታሰረ አውሬ ቪዲዮ ስታዩ «እንዴት ታምራለች» ብላችሁ ላይክ አታድርጉ፣ ሼርም አታድርጉ። ባለ ማረፊያ ቤቱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሁለተኛ ሊገዛ ያስብ ነበር፣ ቪዲዮው ስለታየለት።

ማስታወቂያውን አዘጋጅታችሁ ከሰጣችሁኝ በሁለቱም ቋንቋ ጽፌ አባዛላችኋለሁ፣ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም። ወረቀቱን ግን እናንተው አምጡ፣ ዘንድሮ ወረቀት አልተቻለም።

አክባሪያችሁ
አንድ የጅማ ነዋሪ